የማን ስም ይጻፍ?

ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ ብዙ ተጽፏል። ደመወዝን አንድ ላይ ስለ ማድረግ፣ ስለ ቁጠባ፣ ለቤተሰብ ስለሚሰጥ እርዳታ አንብበናል፤ ተምረንበታልም። ባልና ሚስት አብረው ስለሚያፈልቁት ሐሳብ ግን ሲነሣ እምብዛም አልሰማሁም። ከሁለቱ አንዱ በእራት ሰዓት ጣል ያደረገው ቃል በሌላው እጅ ሥራ ሆኖ ቢወጣ፣ ሥራውም ገበያ ቢያገኝ፣ ሐሳቡ የማን ይባላል? ወረቀቱ ላይስ የማን ስም ይጻፋል?

ጥያቄው የሀብታሞች ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በስልኳ ልብስ የምትሸጥ፣ በቴሌግራም በርበሬና ሽሮ የምታቀርብ እኅት በየሰፈሩ አለች። ከጎኗም ዕቃ የሚያደርስ፣ ሒሳብ የሚይዝ ወይም ኮምፒውተር የሚነካካ ባል አለ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። በባሕር ዳር ወደ እኛም ቤት ገብቶ ነበርና ያሳለፍነውን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ በስልክና በኮምፒውተር የሚካሄድ ንግድ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ልንገራችሁ።

በእግር ጉዞ ላይ የተወለደ ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል አልድሪች የተባለ እንግሊዛዊ ከሚስቱና ከውሻቸው ጋር በእግሩ ይንሸራሸር ነበር። ባልና ሚስቱ በየሳምንቱ ወደ ገበያ መሄድ ምን ያህል እንደሚያሰለች እያነሡ ሲጥሉ አንድ ሐሳብ መጣ። ቤት ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን በስልክ መስመር ከመደብሩ ኮምፒውተር ጋር ብናገናኘውስ? አልድሪች በኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠራ ሰው ስለ ነበር ሐሳቡን ወደ ተግባር ለወጠው። በግንቦት ወር 1984 ጌትስሄድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩ ጄን ስኖውቦል የተባሉ የ72 ዓመት እናት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያቸውን እየተጫኑ፣ ማርጋሪን፣ ኮርንፍሌክስና እንቁላል ከቴስኮ መደብር አዘዙ። ከቤት ለመውጣት ለሚቸገሩ አረጋውያን የታሰበ አገልግሎት ነበር።

ታሪኩን ያነበብኩ ቀን የያዘኝ ነገር ቴክኖሎጂው አልነበረም። ሐሳቡ የተወለደው በሁለት ሰዎች ጨዋታ መካከል ነው፤ በታሪክ የሚጠራው ስም ግን የአንዱ ነው። አልድሪችን ለመንቀፍ አይደለም፤ መሣሪያውን የሠራው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በየቤታችን ስንት እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ?

ሁለተኛው ታሪክ የአማዞን ነው። ኩባንያው በመስከረም 1997 እ.ኤ.አ. ማመልከቻ አስገብቶ በመስከረም 28 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መንግሥት ቁጥር 5,960,411 የሆነ ፓተንት አገኘ። ፈጠራው «በአንድ ጊዜ መጫን መግዛት» በመባል ይታወቃል። የደንበኛው አድራሻና የክፍያ መረጃ ቀድሞ ተመዝግቦ ስለሚቆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ምልክት ብቻ በመጫን ዕቃውን ያዝዛል ማለት ነው። አማዞን ወዲያው ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለውን መጽሐፍ ሻጭ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1999 እ.ኤ.አ. እግድ ሰጠለት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 እግዱን አነሣው፤ ሁለቱ ወገኖችም በ2002 በስምምነት ጨረሱ። አፕል በ2000 ተስማምቶ የመጠቀም ፈቃድ ወስዷል። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ግን አልተቀበለውም። የፓተንቱ ዘመን በመስከረም 2017 አብቅቶ ዛሬ ማንም ይጠቀምበታል።

በዚያ ፓተንት ላይ የተጻፉት ፈጣሪዎች አራት ናቸው፦ ፔሪ ሃርትማን፣ ጄፍሪ ቤዞስ፣ ሼል ካፋንና ጆኤል ስፒገል። ዓለም የሚያውቀው አንዱን ነው። የቤዞስ ሚስት የነበረችው ማኬንዚ ደግሞ ኩባንያው ሲጀመር ሒሳብ በመያዝ አግዛለች፤ ጋብቻቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ፈርሷል። በሰው ትዳር ላይ ፈራጅ አይደለሁም። ነገር ግን ፓተንት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ ጥበቃ እንደ ሆነ፣ ትዳርን ደግሞ የትኛውም የምዝገባ ወረቀት እንደማይጠብቀው ልብ ማለት ይገባል።

የቤት ቁጥር የማይጠየቅበት ከተማ

አሁን ወደ ጣና ዳር ልመለስ። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው መንገዶቿን፣ ዘንባባዎቿንና ብስክሌቶቿን ያውቃል። አድራሻ ጠይቁ ስትባሉ ግን የቤት ቁጥር የሚነግራችሁ የለም። «አባይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር» ትባላላችሁ። ለመንገደኛ በቂ ነው፤ ዕቃ ለሚያደርስ ነጋዴ ግን ራስ ምታት ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲባል ዓሣው በፀሐይ ይበላሻል።

እኛ የምንሸጠው ዓሣ ነው። ሐይቁ ላይ ያደሩ ዓሣ አጥማጆች ሲነጋጋ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ በሞተር ጀልባ፣ አንዳንዱ በደንገል ታንኳ። እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንዳንድ ዳርቻ ማለፉ ራሱ ፈተና ሆኗል። ዓሣ ጠዋት ካልተሸጠ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ይወድቃል፤ ማታ ይጣላል። ስለዚህ በዚህ ንግድ ትርፍና ኪሳራን የሚለየው ፍጥነት ነው።

እኔ የደንበኞችን ቤት በደብተር መመዝገብ የጀመርኩት በ2012 ዓ.ም. ነው። ስም፣ ስልክ፣ ቀጥሎም የቤቱ ምልክት። «ውሻ አለ»፣ «በሩን አታንኳኩ፣ ሕፃን ይተኛል»፣ «አከራይዋ ይቀበላሉ» ብዬ እጽፋለሁ። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደንበኞቻችን ክፍያውን በስልክ ማድረግ ቻሉ። አንድ ቀን እራት ስንበላ ለባለቤቴ «ይህ ደብተር ራሱ አፍ ቢኖረውና ለብስክሌተኛው ቢነግረው ምን አለ?» አልኩት። እርሱ የኮምፒውተር ትምህርት የተማረ ነው። ሦስት ወር ሌሊት ሌሊት ሠርቶ በቴሌግራም ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም አወጣ። ደንበኛው ቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ «ዛሬ» ብሎ አንዲት ቃል ከላከ፣ ምልክቱ፣ መንገዱና የተለመደው ኪሎ ለብስክሌተኛው ይደርሰዋል። ስለ አማዞን ፓተንት ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። በሲያትል አንድ ጊዜ መጫን የሆነው በባሕር ዳር «ዛሬ» ሆኖ ነበር።

ባለቤቴ ሌላም ሠራ። ለብስክሌት የኋላ መጫኛ የሚሆን፣ ውጩ ቆርቆሮ፣ መካከሉ ፎም የሆነ፣ የበረዶው ውኃ ዓሣውን ሳይነካ በጎን የሚወርድበት ሳጥን ነው። በሞቃት ቀን እንኳ ዓሣው ቀዝቅዞ ይደርሳል።

ወረቀቱ ሲመጣ

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ወደ ባለቤቴ መጣ። «ይህ ፈጠራ ነው፤ ሰው ሳይቀድምህ ፓተንት አውጣበት፤ እኔ እጨርስልሃለሁ» አለው። የጠየቀው 80,000 ብር ነበር። ያን ያህል ገንዘብ በቤታችን ነበር፤ ለቤት መሥሪያ ብለን አምስት ዓመት የቆጠብነው ነው። የማመልከቻው ረቂቅም አብሮ መጣ። ፈጣሪ በሚለው ቦታ ላይ የባለቤቴ ስም ብቻ ተጽፏል።

ሁለት ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ነበር ማለት ነው፤ ቁጠባችንና ስማችን። ባለቤቴ ክፉ አላሰበም። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር የጻፈው እርሱ ነው፤ ሌሊቱን የተቀመጠው እርሱ ነው፤ ሰው ሐሳቡን እንዳይነጥቀውም ሠግቷል። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም፤ በከተማችን አንዱ የጀመረውን ሌላው በሳምንቱ ሲደግመው የምናየው ነው። እኔ ደግሞ የሦስት ዓመት ደብተሬ በዚያ ወረቀት ላይ የትም እንደሌለ አየሁ። ተከፋሁ፤ መከፋቴንም ነገርኩት። ከዚያም አንድ ነገር ለመንኩት፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሕጉን ከሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ተስማማ።

ሕጉ ምን ይላል?

የጠየቅነው የሕግ ባለሙያ ያስረዳን ነገር ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማልና ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በአገራችን ፓተንት የሚሰጠው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ነው። ፈጠራው አዲስ መሆን፣ በሙያው ላለ ሰው በቀላሉ የማይታሰብ ብልሃት ያለበት መሆንና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት። ጥበቃው 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። ይኸው አዋጅ ግን ፓተንት የማይሰጣቸውንም ይዘረዝራል። ከእነርሱም መካከል የንግድ ሥራ ማከናወኛ ዘዴዎችና የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ይገኛሉ። አሜሪካ ለአማዞን የሰጠችው ዓይነት ፓተንት በእኛ ሕግ ቦታ የለውም ማለት ነው። ያ አማካሪ በ80,000 ብር ሊሸጥልን የመጣው ሕጉ የማይሰጠውን ነገር ነበር።

ታዲያ ደክሞ የሠራ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል? አይቀርም። ፕሮግራሙ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ይህ ጥበቃ ሥራው እንደ ተፈጠረ ይጀምራል፤ ምዝገባው ለማስረጃ ይረዳል እንጂ መብቱ የሚወለደው ከምዝገባ አይደለም። የሚጠበቀው ግን የተጻፈው ሥራ ነው፤ ሐሳቡ ራሱ አይደለም። ሌላ ሰው ያንኑ ሐሳብ ወስዶ በራሱ መንገድ አዲስ ፕሮግራም ቢጽፍ ሕጉ አይከለክለውም። የድርጅቱ ስምና ምልክት ደግሞ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ይመዘገባል፤ ይታደሳልም። ሳጥኑ የተለየ ነው። የሚዳሰስ ዕቃ ስለሆነ ለአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፊኬት ሊያመለክት ይችላል። ይህ ጥበቃ 5 ዓመት ሲሆን ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል፤ እንደ ፓተንት ከፍ ያለ ብልሃትም አይጠየቅበትም። ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው በ1995 ዓ.ም. በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ጉዳይ ያላችሁ ሰዎች በመካከል ለሚገባ ሰው ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ።

ስለ ባልና ሚስትስ? በክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራቸው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የማንም ስም ቢኖር ከዓሣው የሚገኘው ገቢ የሁለታችንም ነው። ይህን ስሰማ ገንዘቡ እንዳልነበረ ገባኝ የከፋኝ። ገንዘቡን ማንም አልወሰደብኝም። የከፋኝ ድካሜ አለመታየቱ ነበር።

በሁለት ወረቀት ላይ

ከጋብቻችን ጊዜ ጀምሮ የሚመክሩን አንድ ባልና ሚስት አሉ። ጉዳዩን ስንነግራቸው አልፈረዱም። ለየብቻችን አንዳንድ ወረቀት ሰጡንና «አንተ እርሷ የሠራችውን ጻፍ፤ አንቺ እርሱ የሠራውን ጻፊ፤ የራሳችሁን አትጻፉ» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ነገር እናንተም ብትሞክሩት እመክራለሁ። የባለቤቴ ወረቀት ከእኔ ይልቅ ረዘመ። የቤቶቹን ምልክት የመረጥኩት፣ በየሰፈሩ የከፈልኩት፣ ለደንበኛ የሚላከውን መልእክት ሁሉ በአማርኛ የጻፍኩት እኔ እንደ ሆንኩ አስፍሮ ነበር። እኔም ስለ ሳጥኑ ስጽፍ እጄ ቆም አለ። በሳጥኑ ላይ አንድም ሐሳብ አልጨመርኩም። ቆርቆሮውን የቆረጠው፣ አራት ጊዜ አበላሽቶ አምስተኛውን ያስተካከለው እርሱ ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ላይ የሁለታችን ስም እንዲጻፍ፣ በሳጥኑ ማመልከቻ ላይ ግን የእርሱ ስም ብቻ እንዲሆን ተስማማን። እርሱ «ያንቺም ይግባ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ያልሠራሁትን ሠራሁ ማለት ፍቅርን አያበዛም። 80,000 ብሩም በባንክ ቀረ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መግቢያ ላይ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ለቀናት ከቤት መውጣትም አልተቻለም። በኢንተርኔት ለሚነግድ ሰው ይህ ሱቁ ተቃጠለ እንደ ማለት ነው። ያ ሁሉ የተከራከርንበት ፕሮግራም ኮምፒውተር ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ከተማይቱ ትንሽ ስትረጋጋ ባለቤቴ ዝርዝሩን ከኮምፒውተሩ በወረቀት አትሞ አወጣው። ደብተሬ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስልክ ሲሠራ ደንበኞች ይደውሉና «ዛሬ» ይሉናል፤ ብስክሌተኛው ወረቀቱን አይቶ ይሄዳል። ክፍያ ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይደረግ ነበር። ስልኩም በማይሠራበት ቀን ዓሣ አጥማጆቹ በዱቤ ሰጡን፤ እኛም ለደንበኞች በዱቤ ሰጠን። ከደንበኞቹ አንዲት እናት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሒሳባቸውን በጨርቅ ቋጥረው በልጅ እጅ ላኩልን። ቆጥረን ስናየው ከእኛ ደብተር ይልቅ የእርሳቸው ትክክል ነበር፤ አንድ ኪሎ ረስተን ኖሮ እርሳቸው አስበውልናል።

ያን ጊዜ የዚህ ንግድ መሠረት ምን እንደ ሆነ በግልጽ አየሁ። ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ሲገበያዩ በመካከላቸው መተማመንን የሚያቆም አንድ ነገር ያስፈልጋል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሣው ይህንኑ ችግር ይዞ ነው። የማይተዋወቁ ገበሬና ነጋዴ እንዲተማመኑ እህሉ በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት እንዲሸጥ ተደረገ። ኢትዮጊፍት የተባለው ድረ ገጽም በውጭ አገር የሚኖር ልጅ ለእናቱ የበዓል በግ እንዲልክ ሲያደርግ፣ ልጁ በጉን ሳያይ የሚከፍለው በጉ እንደሚደርስ ስላመነ ነው። መንግሥትም በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዞሮ ዞሮ ግን የሚያኖረው ሰው ቃሉን መጠበቁ ነው።

በትዳርም እንዲሁ ነው። ሕጉ የተጻፈውን ሥራ ይጠብቃል፤ ሐሳቡን አይጠብቅም። በእራት ሰዓት የተነገረውን ቃል፣ ሕፃን አዝሎ የተያዘውን ደብተር፣ «ተወው፣ ነገ ትሠራዋለህ፤ አሁን ተኛ» ያለችውን ሚስት የሚመዘግብ ባለሥልጣን የለም። ሕጉ የማያውቀውን ትዳሩ ሊያውቀው ይገባል። ባል በሰው ፊት «ይህን ያሰበችው ሚስቴ ናት» ሲል፣ ሚስትም «ይህ የእርሱ እጅ ሥራ ነው» ስትል፣ ያ ምስክርነት ከየትኛውም ማኅተም በፊት ልብን ያሳርፋል።

ዛሬ አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብስክሌተኛችን አባይ ማዶ በቶሎ ይደርሳል። ሐሳባችንን የደገሙ ሌሎች ሻጮችም በከተማው አሉ፤ ከእነርሱም መልካም የሚሠሩ አሉ። ባለቤቴ መጀመሪያ የሠጋው ደርሷል ማለት ነው፤ ነገር ግን ቤታችንን አላናጋውም።

ባልና ሚስት ተቀምጠው ቢነጋገሩባቸው፦

1. በቤታችን ካለው ሥራ ውስጥ የትዳር አጋሬ ያፈለቀው፣ እኔ ግን በስሜ የምጠራው አለ?
2. ከቁጠባችን ላይ ለአዲስ ሐሳብ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ማንን እንጠይቃለን? ሁለታችንስ ሳንስማማ ስንት ብር ድረስ ማውጣት ይቻላል?
3. የንግዱ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳቡና የስልክ ቁጥሩ በማን ስም ነው? አንዳችን ብንታመም ሌላው ሥራውን መቀጠል ይችላል?
4. ነገ ጠዋት ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ደንበኞቻችን በምን ያገኙናል? እኛስ በምን እናገኛቸዋለን?

ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። የራሳችሁን ግን አትጻፉ።